መምህር ጌዲዮን ያላጠናው ተቀባይ

ቆቦ ላይ «ሪሴፕተር»፣ ማለትም ተቀባይ፣ ተብሎ የሚጠራ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም የባዮሎጂ መምህሩ ጌዲዮን ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። እሱ ግን ለዓመታት ማዕረግ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ሲሄድበት ኖሯል። አሁን ታሪኩን ለሰው ሲያወራ ከዚሁ ነው የሚጀምረው። «ስድብ መሆኑ የገባኝ አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው» ይልና ከአድማጮቹ ቀድሞ ይስቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌዲዮን አምስት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ተመላልሶ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ስለ አንጎል ዕጢ ነበር፤ በተለይም በዕጢው ሕዋሳት ገጽ ላይ ተተክሎ «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን መልእክት ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን። ዕጢ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሌሎች ሰዎች በሌላ አገር አይተው የጻፉትን እያነበበ፣ እያሳጠረ፣ አልፎ አልፎም ሳያሳጥር እየገለበጠ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አወጣ። በሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን፣ በወርቃማ ፊደል አስጠርዞ ቡፌው ውስጥ ከሠርጉ ፎቶ ጎን አቆመው። እንግዳ ሲመጣ ፎቶውን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያሳየው።

ከዚያ ወዲያ ማንም አላመለጠውም። «ሕዋስ ማለት ግቢ ነው በሉ» ብሎ ይጀምራል። «ተቀባዩ በሩ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። መልእክተኛ ሲመጣ ብቻ ነው ወደ ውስጥ የሚጣራው። ዕጢው ላይ ግን ዘበኛው አንድ መሆኑ ቀርቶ መቶ ይሆናል፤ አንዳንዱማ ማንም ሳይመጣ ዝም ብሎ 'እደጉ! እደጉ!' እያለ ይጮኻል።» ይህን ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ሰው መሐል ተጣብቆ ተናግሯል፤ ሥጋ ቤት ተራ ሲጠብቅ ተናግሯል። አንድ ጊዜ ተዝካር ላይ፣ ሟች በጭንቅላት ሕመም ማረፋቸውን ሰምቶ ለባለቤታቸው ሊያስረዳ ሲነሣ፣ ቄሱ ጊዜው ሳይደርስ ምርቃት ጀምረው ነው ያስቆሙት።

የሚስቱ የብርኽቲ ወላጆች ከማይጨው ወርደው ቆቦ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው። እሷም ከጓደኛዋ ከሀጀራ ጋር አውራ ጎዳናው ዳር መጋዘን ተከራይታ ሽንኩርት ትነግዳለች። ሜዳው ላይ በጉድጓድ ውሃ የሚለማውን ሽንኩርት ከገበሬው እየተረከቡ በአይሱዙ ወደ ወልድያና ደሴ ይልካሉ። ብርኽቲ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። አፍንጫዋን ግን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጆንያ ሳይፈታ ጠጋ ብላ አሽትታ «መሐሉ ላይ የበሰበሰ አለው» ካለች፣ ሲፈታ አለው። የጎብዬ ገበሬዎች ከሷ ጋር መከራከር ከተዉ ቆይተዋል።

ሕመሙ የጀመራት ሁለት ዓመት ይሆነዋል። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማት ጀመር። «ፀሐይ ነው» አላት ጌዲዮን፤ «ሰውነትሽ ውሃ ሲያጣ የአንጎል ሽፋን ይወጠራል፤ ውሃ ጠጪ።» ጠጣች፤ አልተዋትም። ቀጥሎ ዓይኗ መደብዘዝ ያዘ። ዕድር ላይ ሰዎች ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ሰላም ሳትላቸው አለፈች ተብሎ ተወራባት። «ብር ሲገባት ኮራች» አሉ። ጌዲዮን ይህንንም አስረዳት፤ የዓይን ሌንስ ከአርባ ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚደነድን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ እየሣለ። ከዋጃ ገበያ ራሱ መርጦ መነጽር ገዛላት። መነጽሩን አድርጋ ከመጋዘኑ እንደወጣች ከቆመ ባጃጅ ጋር ተጋጨች።

«ባጃጁ ቆሞ ነበር እኮ» አለችው ማታ ጉልበቷን እያሻሸች።

«መልመድ ይፈልጋል» አላት መምህሩ።

በሦስተኛው ወር አንድ ጭነት ሽንኩርት ከወልድያ ተመልሶ መጣ። ግማሹ በስብሷል። ብርኽቲ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አሽትታ ነበር የጫነችው። ሀጀራ ይህን ሰምታ ከቤቷ ወደ መጋዘኑ ስትሄድ ሽታው ገና ከመንገዱ ተቀበላት። ገብታ ብታይ ብርኽቲ ከተመለሰው ክምር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ በሰላም ምሳዋን ትበላለች።

ሀጀራ የላምባውን ጀሪካን ከጥግ አንሥታ ክዳኑን ፈታች፤ በነጠላዋ ጫፍ የብርኽቲን ዓይን ሸፈነችና ክዳኑን አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት።

«ምን ይሸትሻል?»

«ምን አምጥተሽ ነው? ምንም» አለች ብርኽቲ እየሳቀች።

ሀጀራ አልሳቀችም። ክዳኑን እንደያዘች በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች፤ ዘበኛውን አልፋ ጌዲዮንን ከክፍል አስጠራችው።

«መምህር፣ ሚስትህ ላምባ አይሸታትም።»

«ጉንፋን ይዟት ይሆናል፣ እት ሀጀራ።»

«ጉንፋን ስንት ወር ይቆያል? ራሷን ያማታል፤ ዓይኗ ፈዟል፤ አሁን ደግሞ አፍንጫዋ። ሁሉም እዚች ጋ ነው» አለችና የገዛ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ወላሂ እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። አንተ የተማርከው ይሄንኑ አይደለም እንዴ?»

ጌዲዮን እያንዳንዱ ምልክት የየራሱ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ማስረዳት ጀመረ። ሀጀራ እስኪጨርስ አልጠበቀችውም።

«ነገ ትወስዳታለህ ወይስ እኔ ልውሰዳት?»

ከሥራ እንደወጣ ቤቱ ገባና ሰማያዊውን ጥራዝ ከቡፌው አወጣ። ገጽ አርባ ሦስት ላይ፣ እሱ ራሱ በጻፈው አማርኛ በሚመስል እንግሊዝኛ፣ በግንባር በኩል የሚበቅሉ ዕጢዎች ምልክት ተዘርዝሯል፤ የጠዋት ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ሽታ ማጣት። ከሥሩ በእስክሪብቶ አስምሮበታል። ለምን እንዳሰመረበት አላስታወሰም። ሀጀራ፣ ቁርአን ከመቅራት በቀር ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቀው ሴት፣ በአንድ የላምባ ክዳን የደረሰችበትን እሱ በአምስት ክረምት አልደረሰበትም ነበር።

በማግስቱ ደሴ ሄዱ። ደሴ ላይ ጭንቅላቷ በመሣሪያ ታየና ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ጌዲዮን ጥራዙን በፌስታል ይዞ ሄዷል። ለምን እንደያዘው እስከ ዛሬ ድረስ ሊያስረዳ አይችልም፤ ሊያስረዳ የማይችለው ብቸኛ ነገር እሱ ነው።

ሐኪሟ ዶክተር ሚልካ ትባላለች፤ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ናት፤ ከጌዲዮን በዕድሜ ታንሳለች። ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቅላ ለብርኽቲ ነበር የምታሳያት።

«ይህ ግንባርዎ ሥር ያለው ሎሚ ያህላል። የማሽተት ነርቮቹን ተጭኗቸዋል፤ አሁን ወደ ዓይን ነርቭ እየደረሰ ነው። ይህች ከኋላው ያለችው ሌላዋ ደግሞ ገና ሽንብራ ብታክል ነው።»

ጌዲዮን ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ የዕድገት ተቀባዩ ተባዝቶ ይሆን? ማለቴ… እኔም በዚሁ ነው የተመረቅኩት።» ጥራዙን ከፌስታሉ አወጣ።

ዶክተሯ በጨዋነት ጥቂት ገጾች ገለጠች። «በጣም ጥሩ። ግን ይህ ስለ ሌላ ዕጢ ነው፣ መምህር። እርስዎ የጻፉት ከአንጎሉ ከራሱ ስለሚነሣው ነው። የባለቤትዎ ከአንጎሉ ሽፋን የተነሣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። የሚያሳስበው ተቀባይም ሌላ ነው።» ጥራዙን ዘግታ መለሰችለት፤ ፊቷን ወደ ብርኽቲ አዙራ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለቻት።

«የለም» አለ ጌዲዮን።

«መርፌውስ?» አለች ብርኽቲ።

«እሱ መድኃኒት አይደለም።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «የቱ መርፌ?»

«የወሊድ መከላከያው፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋው። ናትናኤልን ከወለድኩ ጀምሮ እወጋለሁ።»

«ናትናኤል ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

ዶክተሯ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። መርፌው ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር ነው። እንዲህ ያሉት የሽፋን ዕጢዎች ደግሞ ብዙዎቹ ሕዋሳቸው ውስጥ የዚያ ሆርሞን ተቀባይ አላቸው። መርፌው ለረጅም ዓመት ሲወሰድ አልፎ አልፎ ዕጢው እንዲያድግ እንደሚያግዝ በቅርብ የወጡ ጥናቶች ያመለክታሉ። «ይህንን ያመጣብዎት መርፌው ነው ብዬ መማል አልችልም» አለች፤ «መርፌ ተወግተው የማያውቁ ሴቶችንም ይይዛቸዋል። ግን ከዛሬ ጀምሮ አይወስዱትም። ትልቁን እናወጣዋለን። ትንሿን ሳንነካት፣ ሆርሞኑ ሲቋረጥባት ምን እንደምትሆን እናያለን።»

ጌዲዮን ኮሪደር ላይ ቆሞ ጥራዙን ከፈተው። ገጽ ዘጠና ሰባት ላይ «ሌሎች ተቀባዮች» የሚል ግማሽ ገጽ አለ። ዶክተሯ ስለ ተቀባዩ የተናገረችው ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። ከሌላ ሰው ጽሑፍ ቀጥታ ያነሣው ነበር፤ «ፕሮጄስትሮን» የሚለውን ቃል እንኳ ሁለት ቦታ ላይ አሳስቶ ጽፎታል። አማካሪው አላየውም፤ ፈታኞቹም አላዩትም። ከሁሉ የሚያሳፍረው፣ እሱም ያነበበው ያኔ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ሌላም ነገር ትዝ አለው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ብርኽቲ የፈለገችው ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ነበር። መርፌው ይሻላል ያላት እሱ ነው። በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ሆርሞኑን ክብ፣ ተቀባዩን ሹካ አድርጎ ሥሎ፣ አንዱ ሌላው ላይ እንዴት ልክክ ብሎ እንደሚቀመጥ እየነገራት ግማሽ ቀን አስረድቷታል። በመጨረሻ «እሺ፣ እሺ፣ እወጋዋለሁ፤ ምሳ ልሥራበት» ብላ ነው የተገላገለችው።

ግቢው ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቧ ተቀመጠና ይህንኑ ነገራት። ስለ ቀን መቁጠሪያው፣ ስለ ገጽ ዘጠና ሰባቱ፣ ስለ መነጽሩም ጭምር። ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

ብርኽቲ እንዲህ አለችው። «መርፌውን አትርገመው። ሁለት ልጆቼን አሳድጌ መጋዘን የከፈትኩት በሱ ነው። አንተም ያኔ አውቀህ አይደለም፤ ሐኪሞቹም አላወቁም።»

«እና አልተናደድሽብኝም?»

«ተናድጃለሁ እንጂ! ግን በመርፌው አይደለም።» ወደ እሱ ዞረች፤ በአንድ ዓይኗ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር የሚታያት። «ራሴን አመመኝ ስልህ አስረዳኸኝ። ዓይኔ ፈዘዘ ስልህ አስረዳኸኝ። ጌዲ፣ አንድ ቀን እንኳ 'እስቲ የት ጋ ነው?' አላልከኝም።»

ጌዲዮን ይህን ሲያወራው «በሕይወቴ ዝም ያልኩበት የመጀመሪያው ቀን» ይለዋል፤ እዚህ ላይ ግን ከአድማጮቹ ቀድሞ አይስቅም።

ቀዶ ሕክምናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ሀጀራ ሽንኩርቱ በሚደርስበት ወር መጋዘኑን ዘግታ መጥታ ነበር። ከጌዲዮን ጎን ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። ከፊታቸው የተቀመጡ አንድ የሸዋ ሰው ለማጽናናት ብለው «የባለቤትዎ ሕመም ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁት። ጌዲዮን «ሕዋስ ማለት ግቢ ነው…» ብሎ ጀመረና አቆመ። የቀረውን ሀጀራ ጨረሰችለት። «ጭንቅላቷ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ፤ እየነቀሉላት ነው። አላህ ያሽራታል።» ሰውየው በሚገባ ገባቸው።

ብርኽቲ በሦስተኛው ቀን ተደግፋ ተቀመጠች። ግማሽ ጸጉሯ ተላጭቷል፤ ፊቷ አብጧል። ጌዲዮን አጠገቧ ቆሞ ምን እንደሚል ሲጨነቅ ቆየና «የት ጋ ያምሻል?» አላት። በጣቷ አሳየችው። ጣቷን በዓይኑ ተከተለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

የላቦራቶሪው ውጤት በኋላ መጣ፤ ዕጢው ክፉ አይደለም፤ የፕሮጄስትሮን ተቀባዩም በብዛት ተገኝቶበታል። የብርኽቲ ዓይን ከሞላ ጎደል ተመለሰ። አፍንጫዋ ግን አልተመለሰም፤ ዶክተር ሚልካም እንደማይመለስ አስቀድማ ነግራቸው ነበር። ቆቦ ሲመለሱ ጌዲዮን ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘን እየገባ ጆንያ ማሽተት ጀመረ። ገበሬዎቹ በሳቅ ሞቱ። በመጀመሪያው ቀን ደህናውን የበሰበሰ፣ የበሰበሰውን ደህና ብሎ አሳለፈ። ብርኽቲ ከጎኑ ቆማ «አሁን ጠለቅ አድርገህ ሳብ፤ አታስብ፣ ሳብ ብቻ» እያለች ታስተምረዋለች። ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ሽንኩርት ላይ በተደጋጋሚ የወደቀ ሰው ከሱ በቀር እንደሌለ ራሱ ይመሰክራል።

በዚሁ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሰውየው ጌዲዮን ነው። ጸጸቱ ሲበዛበት አንድ ጠዋት ተነሥቶ ጤና ጣቢያ ሄደና ለመርፌ የተሰለፉት ሴቶች ፊት ቆመ።

«እህቶቼ፣ ይህ መርፌ የአንጎል ዕጢ ያመጣል! የኔን ሚስት እዩ!»

ሴቶቹ ተደናገጡ። ሦስቱ ወዲያው ወጥተው ሄዱ። ሲስተር ቅድስት ከውስጥ እየሮጠች መጣች። እሷ ደግሞ የድሮ ተማሪው ናት።

«መምህር፣ ምን አደረጉ?»

«እውነቱን ተናገርኩ።»

«ሚስትዎን ያከሟት ሐኪም እንዲህ ብለውዎታል?»

ጌዲዮን ትደግፈኛለች ብሎ ተማምኖ ዶክተር ሚልካ ጋ ደወለ፤ ድምፁንም ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረገው። ዶክተሯ እስኪጨርስ አዳመጠችና «አቶ ጌዲዮን፣ ይህ ዕጢ ከብዙ ሺህ ሴት አንዷን ነው የሚይዛት» አለች። «እዚያ ከተሰለፉት አብዛኞቹን መቼም አይይዛቸውም። ሳይፈልጉ ማርገዝ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ለብዙ ዓመት የወሰዱ፣ ወይም ራስ ምታት የማይለቃቸው፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ካሉ ሲስተሯን ያማክሩ፤ ሌላ አማራጭም አለ። እባክዎ ሰው አያስደንግጡ።»

ወረፋ ላይ የነበረች አንዲት ሴት «ሪሴፕተር ራሱ ተቀበለ!» አለች፤ ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሲያስረዳ እንጂ ከሰው ቃል ሲቀበል ታይቶ ስለማያውቅ የወጣለት ስም መሆኑ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ሲስተር ቅድስት ግን አልሳቀችም። «የሄዱትን ሦስት ሴቶች እርስዎ ነዎት የሚመልሱልኝ» አለችው። ሁለቱን በሰፈራቸው አገኛቸው። ሦስተኛዋ ጎብዬ ናት ተባለ። በሚኒባስ ወርዶ፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ በማሽላ ማሳ መሐል በእግሩ ተጉዞ ሲደርስ ሴትዮዋን ወፍ ስትጠብቅ አገኛት። «ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ፤ ሙሉውን ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት» አላት። ሰማችውና «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ?» ብላ ጥንቅሽ ቆርጣ ሰጠችው። እያላመጠ ተመለሰ።

በዓመቱ ብርኽቲ እንደገና ታየች። የቀረችው ትንሿ ዕጢ አላደገችም፤ እንዲያውም ትንሽ አንሳለች። ዶክተር ሚልካ «ወደፊትም በየዓመቱ እናያታለን፤ ለጊዜው ግን ደስ የሚል ነው» አለች። ሆርሞን ያለበት መከላከያ ሁሉ እንዲቀር ተስማሙ።

ቆቦ እንደገቡ ብርኽቲ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ተናገረች። «አሥራ ሁለት ዓመት እኔ ተወግቻለሁ። ልጅ እንደሆነ ይበቃናል። አሁን ያንተ ተራ ነው።»

«የኔ ተራ ማለት?»

«ሲስተር ቅድስትን ጠይቃት።»

የወንድ ዘር ማስተላለፊያ ቱቦ መቋጠር ማለቷ መሆኑ ጌዲዮንን አልጠፋውም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሥለው የኖረ ነገር ነው፤ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ። በቀጠሮው ቀን ግን ብርኽቲና ሀጀራን ደጅ አስቀምጦ የገባው በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ከዘጋ በኋላ ነው።

«መምህር» አለች ሲስተር ቅድስት ፈገግታዋን እየያዘች፤ «ለእርስዎ እንኳ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ጌዲዮን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አላውቅም፤ እንደ ማያውቅ ሰው አድርገሽ አስረጂኝ» አላት።

አስረዳችው። አላቋረጣትም፤ አላረማትም፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ስትሳሳት እንኳ እርማቱን ዋጥ አደረገው። ስትጨርስ ጥያቄ እንዳለው ጠየቀችው።

«አንድ ብቻ» አለ። «ያማል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ስትይ ምን ያህል ነው?»

በሩ በደንብ አልተዘጋም ኖሮ፣ የሀጀራና የብርኽቲ ሳቅ ከውጭ ገባ። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ለአራት ቀን ያህል ቆቦ ከተማ ውስጥ እግሩን ከፈት ከፈት አድርጎ ሄደ፤ የጠየቁትን ባልደረቦቹንም ከባጃጅ ወድቄ ነው ብሎ መለሰላቸው። በአምስተኛው ቀን መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቶ እውነቱን ነገራቸው። ማንም ሳይጠይቀው ነው የነገራቸው፤ ባጭሩ፣ ሥዕል ሳይሥል።

ከመምህራኑ ሁለቱ በኋላ በግል መጥተው የሲስተር ቅድስትን ስልክ ቁጥር ወሰዱ።